የልጆች ጠብም ሽማግሌ ይገባዋል

ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ቀን ይቆረጣል፤ ተበደልኩ ባዩ በልቡ የያዘውን ሁሉ እስኪጨርስ ይናገራል፤ ሌላው መሐል ሊገባ ሲል «ተራህ ይደርሳል፤ ታገሥ» ይባላል። ነገሩ በአንድ ቀን ካላለቀ ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጠራል። ካሳ የሚያስፈልግ ከሆነ ካሳ ይቆረጣል፤ ይቅርታ ሲጠየቅም ከአንገት በላይ አለመሆኑን ሽማግሌዎቹ ፊት አይተው ይመዝናሉ። ለአንድ ክንድ መሬት ይህን ያህል ጊዜና ትዕግሥት አለን።

ሁለት የስምንት ዓመት ልጆች ሲጣሉ ግን ግማሽ ደቂቃ አንሰጣቸውም። «ማን ጀመረ?» እንላለን። አንዱ ሌላውን ይጠቁማል። «በል ይቅርታ በለው፤ ተሳሳሙ» እንላለን። ይሳሳማሉ፤ አንደኛው ጉንጩን በሹራቡ እጅጌ እየጠረገ ይሄዳል። አዋቂው ነገሩ አለቀ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጠቡ ከልጆቹ ጋር ወደ ክፍል ይገባል፤ ማታ ደግሞ አብሯቸው ወደ ሰፈር ይወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ የመጣ እምነት አለኝ። ልጆች ስሜታቸውን እንዲያውቁ፣ ራሳቸውን እንዲገዙ፣ የሌላውን ሰው ልብ እንዲረዱ ማስተማር ከፈለግን ከጠባቸው የተሻለ ማስተማሪያ የለንም። በሰልፍ ላይ የሚነገር ምክርም ሆነ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር የአንድን ጠብ ያህል አያስተምርም። እኛ ግን ጠባቸውን የምናየው ትምህርት እንደሚያቋርጥ ረብሻ ብቻ ነው፤ ቶሎ እንዲጠፋልን እንጂ እንዲገባን አንፈልግም።

የልጆችን ጠብ ከቅርብ ላላየ ሰው ምክንያቱ ሁሉ ተራ ይመስላል። ላጲስ ጠፋ፤ ብይ ተበላ፤ በምገባ ሰልፍ ላይ አንዱ ጣልቃ ገባ፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አራተኛ ልጅ ተጨምሮ ክርን ከክርን ተጋጨ፤ የእናት ስም ተጠርቶ ተሰደበ። ምክንያቱ በእርግጥ ተራ የሆነ የልጅ ጠብ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ላጲሱ እናት «ይህን ከጣልሽ ሌላ የለም» ብላ የሰጠችው ሆኖ ይገኛል። ሰልፍ ላይ የተቀደመው ልጅ ከትናንቱ የትምህርት ቤት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰም። የምገባው ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የጠዋት ጠብ ምን ያህል እንደቀነሰ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለራበው ልጅ ስለ ትዕግሥት ማስተማር ይከብዳል፤ ተገቢም አይመስለኝም።

አንድ ጠብ ልንገራችሁ። ሁለት የሦስተኛ ክፍል ወንዶች ልጆች ብይ ሲጫወቱ አንዱ ሌላውን በጥፊ መታው። የተመታው «ቲቸር፣ ምንም ሳላደርገው መታኝ» እያለ መጣ፤ እንባው እውነተኛ ነበር። መቺው ደግሞ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። እንደ ልማዱ ቢሆን ነገሩ ግልጽ ነው፤ መቺው ጥፋተኛ፣ ተመቺው ተበዳይ። ሁለቱም ፊታቸውን በቧንቧ ውኃ ታጠቡና ከዛፉ ሥር ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መቺው አፉን እስኪከፍት ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሲከፍት የተናገረው ስለ ብይ አልነበረም። ብዩን ሊወረውር ሲያጎነብስ የጫማው ሶል ተገንጥሎ ተከፈተ፤ ዙሪያውን የቆሙት ልጆች ሳቁ፤ ከሳቁት መካከል የቅርብ ጓደኛው ይገኝበታል። የመታው እሱን ነው። የሌሎቹ ሳቅ አላመመውም፤ የጓደኛው ግን አመመው።

ተመቺው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ ሁሉም ሲስቁ ነው የሳቅሁት» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዝዘው «ጫማህን ዐይቼ አይደለም የሳቅሁት» አለና ትንሽ ቆይቶ «ዐይቼዋለሁ፣ ግን...» ብሎ አቆመ። በዚያ «ግን» ውስጥ ያለውን ነገር ከዚህ በላይ ለመናገር ቃል አልነበረውም፤ ጓደኛውም ከዚህ በላይ አልጠየቀውም። መምታቱን በተመለከተ መቺው ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ያንን ይቅርታ መጀመሪያ ላይ አስገድጄ ባወጣው ኖሮ ማንኛቸውም ስለ ምን ይቅር እንደተባባሉ ባላወቁ ነበር።

ይህን ሥራ ለመሥራት የተለየ ጥበብ አያስፈልግም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል፤ ሥርዓቱም ከሽምግልናው ብዙ አይርቅም። በንዴት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ማንንም አይሰማም፤ ስለዚህ ውኃው ይቀድማል፤ መቀመጡም ይቀድማል። ከዚያ በተራ መናገር ነው። ከሁሉ የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሰሚው ልጅ የራሱን መልስ ከመስጠቱ በፊት የሰማውን ይደግማል፤ ተናጋሪው «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ይደግማል። ልጆች መጀመሪያ ላይ የሚደግሙት የራሳቸውን ክርክር ነው። «ሌባ ነህ እያለኝ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው «እንደዚያ አላልኩም፤ እርሳሴን ሳትጠይቀኝ ወሰድክ ነው ያልኩት» ይላል። በሁለቱ አነጋገር መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ጊዜ የሰማ ልጅ ጆሮው ይለወጣል። እኔ በበኩሌ ብዙ የአዋቂ ጠብ እዚህ ላይ ቢቆም ግማሹ ያልቅ ነበር እላለሁ።

መጨረሻ ላይ ካሳ ይመጣል። የተቀደደ ደብተር ይለጠፋል፤ የተበላ ብይ ይመለሳል። ፍርዱን ለራሳቸው ስንተው የሚገርመው ልጆች ከእኛ ይልቅ ጨካኞች መሆናቸው ነው፤ «ለአንድ ዓመት ከማንም ጋር አይጫወት» ብሎ የሚፈርድ የስድስት ዓመት ልጅ ሰምቻለሁ። ምሕረትንም እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ ቀስ በቀስ ይማሩታል።

ስሜትን በስሙ መጥራት የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ነው። ልጅ ሲጠየቅ የሚያውቀው ቃል «ተናደድኩ» ነው፤ አዋቂም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም። ከንዴቱ ሥር ስንፈልግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር እናገኛለን፤ አፍሯል፣ ቀንቷል፣ ፈርቷል፣ ወይም ተረስቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የተቆጣና የፈራ ፊት የተመለከቱ ሰዎች ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙት ለስጋት የሚነቃው የአንጎላቸው ክፍል ረገብ ሲል አይተዋል። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ ነው፤ እኔ ግን ከዛፉ ሥር የማየው ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል። «ቀንቼ ነው» ያለ ልጅ ትከሻው ወዲያው ይወርዳል።

ስለ ሴቶች ልጆች ጠብ ለብቻው መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አይሰማም። ወንዶቹ ሲጣሉ አቧራ ይነሣል፤ መምህር ይሮጣል። ሴቶቹ ግን ሱዚ እየተጫወቱ አንዷን «አናጫውትሽም» ይሏታል፤ በቃ። ጩኸት የለም፤ ደም የለም፤ የሚከሰስም የለም። ያቺ ልጅ በማግስቱ ሆዷን አሟት ትቀራለች። ወንድ ልጅ አያለቅስም ብለን እንባውን ወደ ጡጫ እንደምንለውጥበት ሁሉ ሴት ልጅ አትቆጣም ብለን ቁጣዋን ወደ ኩርፊያ እንለውጥባታለን። ኩርፊያን ደግሞ እናሾፍበታለን፤ «አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» የሚለውን ያልሰማ ልጅ የለም። ተረቱ ለአዋቂ ይሁን፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ግን «ልብሽ ቢያዝንም አንጠይቅሽም» እንደማለት ይቆጠራል። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት የምቃኘው ጠበኞቹን ብቻ አይደለም፤ ግድግዳ ተደግፋ የቆመችውንም ነው።

በአሜሪካ ይህን ዓይነቱን ሥራ ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ይሉታል፤ ካሴል የተባለው ድርጅት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል፤ ትምህርቱንም በአምስት ከፍሎታል። ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ ሌላውን መረዳት፣ ከሰው ጋር ተግባብቶ መኖር፣ ውጤቱን አስቦ መወሰን ናቸው። ያንን የብይ ጠብ መልሼ ሳየው አምስቱም እዚያው አሉ፤ ማፈሩን ማወቅ፣ እጁን መሰብሰብ፣ የጓደኛን ሳቅና ሕመም መለየት፣ ወዳጅነትን መጠገን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ መወሰን።

ይበልጥ የምመለስበት ታሪክ ግን ከካሴል ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1968 በየል ዩኒቨርሲቲ የልጆች ጥናት ማዕከል የሚሠራው የአእምሮ ሐኪም ጄምስ ኮመር በኒው ሄቨን ከተማ በሁለት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ጀመረ። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የድኻ ጥቁር ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ ውጤታቸውም በከተማው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነበር። ኮመር ራሱ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ልጅ ነው። ከጻፋቸው ታሪኮች አንዱ ከሰሜን ካሮላይና ገጠር፣ ዘመድ ከሞላበት ሰፈር፣ ወደ ኒው ሄቨን ስለመጣ ልጅ ነው። ልጁ ወደ ከተማዋ በመጣ በነጋታው ማለት በሚቻል ፍጥነት ወደ አዲስ ክፍል ይወሰዳል። በተማሪ ብዛት የተሰላቸችው መምህርት ሳታውቀው ፊቷን ታጨማድዳለች። ልጁ መምህርቷን በእርግጫ መትቶ ይሮጣል።

የተለመደው መንገድ መቅጣት ነበር። በኮመር ትምህርት ቤት ግን መምህራኑ ተቀምጠው ያ ልጅ በሩ ላይ ሲቆም ምን እንደተሰማው ተነጋገሩ። ከዚያም ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች አቀባበል አዘጋጁ፤ ልጁንም ክፍሉ እንደ እንግዳ ተቀበለው። ወላጆች በትምህርት ቤቱ አመራር ውስጥ ከመምህራኑ ጋር ይቀመጡ፣ በክፍል ውስጥ ይረዱ፣ በዓል ያዘጋጁ ነበር። ከዓመታት በኋላ በዚህ መንገድ የሠሩት ትምህርት ቤቶች በውጤትም በክፍል መገኘትም ከከተማው ፊተኞች ተርታ ገቡ።

ይህ ታሪክ ለእኔ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በዓመቱ አጋማሽ ከገጠር መጥቶ አክስቱ ቤት የተጠጋ፣ አነጋገሩ የሚያስቅበት፣ አማርኛ አፉን ያልፈታበት ልጅ በየክፍሉ አለ። መጀመሪያ ቀን ፊታችን ምን እንደሚመስል እሱ ያያል። ያ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጣላ የምቀበለው እንደ ረባሽ ሳይሆን እንደ መንገደኛ ነው።

በእኛ አገር የተሠራውን ማሳነስ አልፈልግም። በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በአንደኛ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ተመልሷል፤ በዚህ ደስ ብሎኛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። የሚያሳስበኝ ዱላው ሲወጣ በምትኩ ለመምህሩ የተሰጠው ነገር ማነሱ ነው። ስድሳ ልጅ የተሰጠው መምህር ዱላ ተከለከለ፤ እንዴት እንደሚያስታርቅ ግን ማን አሳየው? ስለዚህ ሥልጣኑን ለክፍል አለቃው ያስተላልፋል። አለቃው በሰሌዳው ጥግ የረባሾችን ስም ይጽፋል፤ የጓደኞቹን ይዘላል፤ የጠላቱን ስም ፊት ለፊት አንድ መስመር ይጨምርበታል። ልጆቹ በዚያች የሰሌዳ ጥግ ስለ ሥልጣንና ስለ ወገንተኝነት የሚማሩት ትምህርት ከግብረ ገብ መጽሐፋቸው ይበልጥ ይጸናባቸዋል። ይህ ልማድ ቢቀር እወዳለሁ።

መጽሐፉም ቢሆን ወደ ፈተና ሲደርስ «የመቻቻልን ጥቅሞች ዘርዝር» ይሆናል። አምስቱንም ዘርዝሮ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ ከክፍል ሲወጣ ጓደኛውን ገፍትሮ ሰልፍ ይይዛል። ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2007 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ የዘረጋችው ተመሳሳይ ፕሮግራም በ2010 ሲገመገም በተማሪዎቹ ላይ የጎላ ለውጥ አላመጣም፤ ትምህርት ቤቶቹ እንደየፈቃዳቸው ወስደው ብዙዎቹ በወጉ አልሠሩበትም። በደንብ ሲሠራበት ግን ፍሬ አለው። ጆሴፍ ዱርላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 የ213 ፕሮግራሞችን ውጤት አንድ ላይ መረመሩ፤ ተማሪዎቹ ከ270,000 በላይ ነበሩ። ጠባይ መሻሻሉ የሚጠበቅ ነበር፤ የትምህርት ውጤትም ጨምሮ ተገኘ። በውጤት መካከል ላይ ያለ ተማሪ ከመቶ ጓደኞቹ ዐሥራ አንዱን አልፎ እንደመሄድ ማለት ነው። «ሒሳብ ሳናስተምር ስለ ስሜት እናውራ?» ለሚሉ ባልደረቦቼ ይህን እነግራቸዋለሁ።

በዚሁ ምርመራ ውስጥ ግን ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ በክፍል ትምህርት ላይ እንደ ወላጅ ተሳትፎ ያለ ነገር የጨመሩ ፕሮግራሞች የተሻለ ውጤት እንደሚያሳዩ ጠብቀው ነበር፤ አላሳዩም። ለዚህ ከሰጡት ምክንያት አንዱ የተወሳሰበውን ፕሮግራም በወጉ መሥራት ማስቸገሩ ነው። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ወላጅን ማሳተፍ ብለን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ በልጁ እጅ የሚላክ ወረቀትና «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል ነው። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ወላጁ የሚመጣው ሊያፍርና ሊቆጣ ነው። ያ ወላጅ በምን ልብ ያግዘናል?

አንድ ጊዜ ልጁ የተጣላበት አባት መጥቶ ፊት ለፊት ነገረኝ። «መምህር፣ እኔ ቢመታህ ምታው ብዬዋለሁ። የምንኖርበትን ሰፈር አያውቁትም። ካልመታ ይበሉታል።» ይህን አባት ክፉ አድርጌ አላየሁትም። ልጁን የሚወድ ሰው ነው፤ ዓለም ለልጁ እንደማይራራ ያውቃል። ሌሎች ሲመቱት ልጅዎ ዝም ብሎ እንዲቆም እኔም አልፈልግም አልኩት። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ምታው ከማለትዎ በፊት ይጠይቁት። ምን ሆነ? ከዚያስ? እሱስ ለምን ያደረገው ይመስልሃል? እነዚህን ጠይቀው መልሱን ከሰሙ በኋላ የመሰለዎትን ይምከሩት። ትንሽ አሰበና «እኔን እኮ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ሰውዬው የሰፈሩ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ሲያስታርቅ ይውላል።

ቤቶቻችን ለዚህ ሥራ ባዶ አይደሉም። ቡና ሲፈላ ልጅ ፈንዲሻውን ይዞ ይዞራል፤ ሲኒ ያደርሳል፤ የተኳረፉ ጎረቤቶች እንዴት እንደሚወቃቀሱ፣ እንዴት እንደሚስቁና እንደሚታረቁ ከጥግ ሆኖ ያያል። ታላቁን ያከብራል፤ እንግዳ ሲመጣ ይነሣል፤ ሰው ሲያዝን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሌላውን ስሜት ማየት በደንብ ይማራል። የሚጎድለው ተራው የእሱ የሚሆንበት ጊዜ ነው። በሦስቱም ስኒ ስለ ሁሉም ሲወራ «አንተስ ዛሬ ምን አጋጠመህ?» የሚለው የለም፤ ቢናገርም «ልጅ በአዋቂ መሐል አይገባም» ይባላል። ሰሚ ያላገኘ ልጅ መስማትን ከየት ያመጣል?

ቤት የሚለው ቃል ደግሞ ለሁሉም ልጅ አንድ አይደለም። እናቱ ከንጋት ጀምራ ጉልት የምትውል ልጅ ቡናውንም እናቱንም የሚያገኘው በዓል ሲሆን ነው። ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ እያዘለች በተረፋት ሰዓት የምትማር ሕፃን አለች፤ «ቤትሽ ጠይቂ» የሚባለው ለእሷ ምንም ማለት አይደለም። እንደነዚህ ላሉት ልጆች ሰሚው መምህሩ፣ የምገባ እናቶች፣ ወይም ዘበኛው ይሆናል። በእኛ ግቢ ልጆች ሆዳቸው ሲብስ የሚሄዱት ምግብ ከምታቀርብ አንዲት እናት ዘንድ ነው፤ የእሷን ያህል የትኛዋም መምህርት አልቀረበቻቸውም። ስለ ልጆች ስንሰበሰብ እነዚህ ሴቶች አብረውን መቀመጥ አለባቸው፤ እስካሁን አልተጋበዙም።

ራስን ስለመግዛት ስናወራ ወላጆች ሁሉንም ነገር በልጁ ላይ ይጭናሉ፤ «ትዕግሥት የለውም» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ አንድ ጥናት እነግራቸዋለሁ። በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሴሌስት ኪድና ባልደረቦቿ ለሃያ ስምንት ሕፃናት የተሻለ የመሳያ ቀለም እንደሚመጣላቸው ቃል ገቡላቸው፤ ለግማሾቹ መጣ፤ ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። ከዚያ ለሁሉም ማርሽማሎ የተባለ ጣፋጭ ተሰጥቶ ሳትበሉ ከጠበቃችሁ ሁለተኛ ይጨመርላችኋል ተባሉ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ የተዋሹት ሦስት ደቂቃ። ልጆቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተለየው አዋቂው ነው። «ዝም በል፣ ማታ ከረሜላ አመጣልሃለሁ» ብለን ሳናመጣ ስንቀር የምንወስድበት ከረሜላውን ብቻ አይደለም፤ የመጠበቅን ምክንያትም ነው።

ይቅርታም እንዲሁ ነው። ልጁን ይቅርታ ጠይቆ የሚያውቅ አዋቂ ስንት አለ? በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ስጠይቅ ብዙ ሰው መሬት መሬት ያያል፤ አንዳንዱ «ይንቀናል» ይላል። አይንቅም። አባቱ «ትናንት ሳልሰማህ ጮኽኩብህ» ያለው ልጅ ይቅርታ የተሸናፊ ዕዳ አለመሆኑን ይረዳል። ይህን በክፍል ውስጥ ሺህ ጊዜ ብናገር የአባቱን አንድ ጊዜ አያህልም።

በአራተኛ ክፍል ልጆችን ራሳቸውን ለታናናሾቻቸው ሽማግሌ እናደርጋለን፤ በተራ እንጂ በጉብዝና አይመረጡም። የሁልጊዜ ስኬት አይደለም። አንዱ ሽማግሌ ከረሜላ ተቀብሎ ፈረደ ተብሎ ክስ ቀረበበት፤ እውነትም ሆኖ ተገኘ። ስለ ፍትሕ በዚያ ሳምንት ያደረግነው ውይይት ግን በማስተማር ዘመኔ ከሰማኋቸው ሁሉ የበሰለው ነበር፤ የተናገሩት የዐሥር ዓመት ልጆች ናቸው።

ሽምግልና የማይገባበት ቦታ እንዳለም መታወቅ አለበት። ሁለት እኩዮች ሲጣሉ ጠብ ነው። አንድ ጉልበተኛ ደካማውን በየቀኑ እየጠበቀ ምሳውን ሲቀማው፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ በየዕረፍቱ ሲሰደብ ጠብ አይደለም፤ ጥቃት ነው። ተጠቂውን ከአጥቂው ጎን አስቀምጦ «ተራ በተራ ተናገሩ» ማለት ፍርሃቱን ማባባስ ነው። እዚያ ላይ የአዋቂው ሥራ ማስቆም፣ መጠበቅ፣ አጥቂውን ለብቻው መያዝ ነው። ልጅ ስሜቱን እንዲናገር ስንጋብዘው ደግሞ አንዳንዴ የሚወጣው ከብይና ከላጲስ የከበደ፣ በቤቱ ውስጥ የሚፈጸምበት በደል ይሆናል። ያን ጊዜ «ተው፣ የቤት ገመና ነው» የሚል መምህር ባይጠይቀው ይሻል ነበር። የጠየቀ ሰው የሰማውን ተሸክሞ ሕግ ወዳለበት መሄድ አለበት።

በሚቀጥለው የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። የዓርቡ የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ በሳምንቱ ላልተፈቱ ጠቦች ይሰጥ፤ በሰሌዳ ላይ ስም መጻፍ ይቅር፤ የምገባ እናቶች ስለ ልጆች በምንነጋገርበት ስብሰባ ይገኙ። ጊዜውን ከየት እናመጣለን የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል መምህራን ከዕረፍት በኋላ ክፍል ለማረጋጋት በየቀኑ የሚያጠፉትን ደቂቃ ለአንድ ሳምንት እንዲጽፉልኝ ጠይቄያለሁ፤ ወረቀቱን ይዤ እገባለሁ።